ብራችን መሃል መንገድ ላይ እንዳይቀር የደከመው ሰው

ለጓደኛችሁ በስልክ 500 ብር እየላካችሁ ነው እንበል። የመላኪያውን ቁልፍ ስትጫኑ ኔትወርክ ድርግም አለ። ብሩ ከእናንተ ሂሳብ ወጥቶ ጓደኛችሁ ጋ ሳይደርስ ቢቀርስ? ይህ እንዳይሆን ዳታቤዞች የሚመሩበት ሕግ አለ፦ ሥራው ወይ ሙሉ በሙሉ ያልቃል፣ ወይ ጭራሽ እንዳልተጀመረ ይቆጠራል። ይህን ሕግና መጠሪያዎቹን ለዓለም ካስተማሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ጂም ግሬይ ነው።

ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካ ሳንፍራንሲስኮ ተወለደ። በ1969 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ሲያገኝ፣ እዚያ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክተር ለመባል የመጀመሪያው ሰው ነበር። በ1970ዎቹ አይቢኤም ውስጥ ሲስተም አር በተባለው የዳታቤዝ ፕሮጀክት ላይ ሠራ። ያስጨነቃቸው ጥያቄ፣ ኮምፒውተሩ በሥራ መሃል ቢጠፋ መረጃው ምን ይሆናል የሚል ነው። መፍትሔው ለውጡን አስቀድሞ መዝገብ ላይ ማስፈር ሆነ። ማሽኑ ተመልሶ ሲነሳ መዝገቡን ያነባል፤ ያለቀውን ያጸናል፣ ያላለቀውን ይሰርዛል።

የዚህ ሥራ ስም ትራንዛክሽን ነው። ግሬይ በ1981 ባወጣው ጽሑፍ ሐሳቡ ከውል ሕግ የመጣ መሆኑን አስረዳ። ምሳሌው ደግሞ ሠርግ ነበር። ቄሱ ሙሽራውን ይጠይቃል፣ ሙሽሪትንም ይጠይቃል። ሁለቱም እሺ ካሉ ብቻ ባልና ሚስት መሆናቸውን ያውጃል። አንዳቸው እምቢ ካሉ ጋብቻ የለም፤ ግማሽ ጋብቻማ ከየት ይመጣል? የተራራቁ ኮምፒውተሮችም አንድ ሥራ አብረው ሲጨርሱ እንዲሁ ነው፦ መጀመሪያ ሁሉም ይጠየቃሉ፣ ከዚያ ውሳኔው ይታወጃል። በ1983 ቴዎ ሄርደርና አንድሪያስ ሮይተር የተባሉ ጀርመናውያን የትራንዛክሽንን አራት ባሕርያት በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላቸው አሳጥረው አሲድ አሏቸው።

ግሬይ ቀጥሎ የማይቋረጡ ኮምፒውተሮችን ይሠራ ወደነበረው ታንደም ኩባንያ ገባ። በ1985 ኮምፒውተሮች ለምን እንደሚቆሙ ሲያጠና፣ ከዕቃው ብልሽት ይልቅ የአስተዳደርና የሶፍትዌር ስህተት እንደሚያይል አየ። ሊፈትሹት ሲሉ የሚሰወረው ስህተት በፊዚክስ ሊቁ ሃይዘንበርግ ስም ሄይዘንበግ ይባላል። እንዲህ ያለው ስህተት ሥራው እንደገና ሲሞከር ብዙ ጊዜ አይደገምም። ስልካችሁ ሲያስቸግር አጥፍታችሁ ስታበሩት የሚስተካከለው አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1998 የኮምፒውተር ዓለም ታላቁን ሽልማት ቱሪንግን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ውስጥ ሆኖ፣ የምድርን የሳተላይት ፎቶዎች ማንም ሰው በኢንተርኔት እንዲያይ ያስቻለውን ቴራሰርቨርን ከባልደረቦቹ ጋር ለሕዝብ ከፈተ።

ጃንዋሪ 28 ቀን 2007 የእናቱን አስከሬን አመድ ባሕር ላይ ሊበትን በጀልባው ብቻውን ከሳንፍራንሲስኮ ወጣ። አልተመለሰም። የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ፈለጉት። ጓደኞቹ የሳተላይት ፎቶ አሰባሰቡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞችም ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ አንድ በአንድ አዩለት። ጀልባውም እሱም አልተገኙም። ያላለቀ ነገር ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ዕድሜውን የደከመው ሰው፣ የራሱ ጉዳይ ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቆየ። ፍርድ ቤት መሞቱን ያወጀው በ2012 ነው።

ሌላ ጊዜ ስልካችሁ ዝውውሩ አልተሳካም ብሎ ብራችሁ እንዳለ ሲገኝ አትናደዱ። ያ መልእክት ራሱ የጂም ግሬይ ሥራ ፍሬ ነው።