እጅ ታጠቡ ያለው ሐኪም ለምን አልተሰማም?

የኢግናዝ ሴመልቫይስ ታሪክ ብዙ ጊዜ ሲወራ አጭር ነው። እጃችሁን ታጠቡ አለ፣ አልሰሙትም፣ አብዶ ሞተ፤ አለቀ። እኔን ግን የሚያስገርመኝ መሃሉ ነው። ሥራው ውጤት ማምጣቱ በቁጥር እየታየ እንዴት ሥር ሳይሰድ ቀረ?

ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1818 የዛሬዋ ቡዳፔስት አካል በሆነችው ቡዳ ተወለደ። በ1846 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ረዳት ሐኪም ሆነ። ክፍሉ ሁለት ነበር፤ በአንዱ የሕክምና ተማሪዎች፣ በሌላው አዋላጆች ይሠለጥናሉ። ወላዶች የሚገቡት መርጠው ሳይሆን እንደ ቀኑ ተራ ነው። በዚያው ዓመት በተማሪዎቹ ክፍል ከ4,010 እናቶች 459ኙ ሲሞቱ፣ በአዋላጆቹ ከ3,754 የሞቱት 105 ብቻ ናቸው። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት ነው። ከተማው ይህን ያውቅ ስለነበር ሴቶቹ ወደ መጀመሪያው ክፍል አታስገቡን ብለው ይለምኑ ነበር። መንገድ ላይ የወለዱት እንኳ በትኩሳቱ የሚያዙት ከእነሱ ባነሰ ቁጥር ነበር!

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ዓይነት ዳታ ሲያይ ምራቁን ይውጣል። በተራ የተከፈሉ ሁለት ቡድኖች፣ አንድ ሕንፃ፣ የተለያየ ውጤት።

ሴመልቫይስ ጥፋተኛ ሰው አልፈለገም፤ የአሠራር ልዩነት ፈለገ። መጨናነቅ ይሆን? አዋላጆቹ ጋ ይብሳል። አየሩ? ጎረቤታሞች ናቸው። የሚወልዱበትን አኳኋን አስቀየረ፣ ለውጥ የለም። ለሟች ሊጸልይ ደወል እያስደወለ የሚያልፈው ቄስ እናቶቹን ያስደነግጣል ተብሎ መንገዱ ተቀየረ፣ አሁንም የለም። አንድ በአንድ እያወጣ ጣለ።

መጋቢት 1847 ላይ ወዳጁ ፕሮፌሰር ኮሌችካ አስከሬን ሲመረመር በተማሪ ቢላ እጁ ተቆርጦ ሞተ። በሬሳው ላይ የታየው ከአራሶቹ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። በቃ፣ ነገሩ ተገጣጠመ፦ ተማሪዎቹ ጠዋት አስከሬን ይመረምራሉ፣ ከዚያ በዚያው እጅ ወላዶችን ይነካሉ። አዋላጆች ሬሳ አይነኩም። ይህ ለሴመልቫይስ ቀላል አልነበረም፤ አስከሬን በመመርመር ከሁሉም የሚተጋው እሱ ራሱ ነበርና።

በግንቦት ሁሉም እጁን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠብ አዘዘ። በሚያዝያ 18.3 በመቶ የነበረው ሞት በሐምሌ 1.2 በመቶ ሆነ። በ1848 ጭራሽ አንዲት እናት ያልሞተችባቸው ሁለት ወራት ነበሩ።

ታዲያ ለምን አልጸናም? ብዙዎች ትዕቢተኛ ሐኪሞች ብለው ይዘጉታል። እኔ በዚህ ብቻ አላምንም። አሠራሩ የቆመው በአንድ ረዳት ሐኪም ላይ ነበር፤ የሥራ ዘመኑ ደግሞ የሁለት ዓመት ነው። አለቃው ክላይን አላመነበትም። ተማሪዎች ይቀያየራሉ፣ ክሎሪኑ እጅ ያቃጥላል። እናትየዋ የምትሞተው ከቀናት በኋላ ስለሆነ፣ ሳይታጠብ የነካት ሰው የእጁን ውጤት አያይም፤ ታጥቦ ያዳናትንማ ማን ይቆጥራል? በዚያ ላይ ጀርም የሚባል ነገር ገና አልታወቀም፣ እሱም ለዓመታት ምንም አልጻፈም። ወሬውን ሌሎች ሲያሰራጩት ጉዳዩ የሬሳ ብቻ መሰለ፤ አስከሬን የማይመረመርበት ሆስፒታል እኛን አይመለከትም አለ።

በ1849 ኮንትራቱ አልታደሰም። በቀጣዩ ዓመት ወዳጆቹን እንኳ ሳይሰናበት ቪየናን ለቆ ወጣ። እዚያም ከዓመታት በኋላ ሞቱ እንደገና አሻቀበ።

ወደ ፔስት ሄዶ በሮኩስ ሆስፒታል ክፍሉን ራሱ ሲመራ ከ933 ወላዶች የሞቱበት 8 ብቻ ናቸው። መጽሐፉን በ1861 አወጣ፤ ረጅም፣ ምሬት የበዛበት። ከዚያ የተቃወሙትን ፕሮፌሰሮች በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች ማለት ጀመረ። እውነቱን ነበር ልንል እንችላለን፤ ግን እንዲህ ተሰድቦ ሐሳብ የሚቀይር ፕሮፌሰር የት አለ?

በ1865 ክረምት አታለው ቪየና ወዳለ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ አስገቡት። ጠባቂዎች ደበደቡት። ነሐሴ 13 ቀን ቁስሉ መርዞ በ47 ዓመቱ ሞተ። በዋዜማው፣ ነሐሴ 12፣ ግላስጎው ውስጥ ጆሴፍ ሊስተር የአንድ ልጅ የተሰበረ እግር ላይ በካርቦሊክ አሲድ የተነከረ ጨርቅ አድርጎ ነበር። ቁስሉ ሳይመረዝ ዳነ።