ሓሪስ ኢብን ከለዳ፦ በምግብ ያከሙት የጣኢፍ ሐኪም

በ6ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ሓሪስ ኢብን ከለዳ፣ ከመካ ብዙም በማትርቀው በጣኢፍ ከሰቂፍ ጎሳ የተገኙ ስመ ጥር ዐረብ ሐኪም ነበሩ። ሕክምናን በፋርስ ምድር፣ በጁንዲሻፑር ቀስመው ወደ ሒጃዝ እንደተመለሱ ጥንታዊ መዛግብት ያወሳሉ። ከመድኃኒት በፊት የአመጋገብ ሥርዓትን ያስቀድሙ፣ በጥጋብ ላይ መመገብንም አጥብቀው ይነቅፉ እንደነበር ይነገርላቸዋል።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሐኪሞችን ታሪክ የጻፉት ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ እንደዘገቡት፣ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ መካ ሳሉ ታመው አልጋ ያዙ። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ሓሪስ እንዲጠሩላቸው መከሩ። ሐኪሙ በሽተኛውን ካዩ በኋላ፣ ዐጅዋ ተምር ከአብሽ ጋር ተቀቅሎ እንዲጠጡ አዘዙ። ማኘክ ለሚያደክመው ሰውነት ይህ ለመዋጥ የማይከብድ፣ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው። ሰዕድ ዳኑ፤ እ.ኤ.አ. በ636 ገደማም በቃዲሲያ ጦርነት ሠራዊቱን መሩ፤ ኋላም የኩፋን ከተማ ቆረቆሩ።

አብሽ ዛሬም ከኢትዮጵያውያን ጓዳ አይጠፋም። የሆስፒታል የሥነ ምግብ ባለሙያም ለአረጋውያንና ለጽኑ ሕሙማን ምግብን እንደ መድኃኒት መጥኖ ሲያዝ፣ ሓሪስ በመካ የሠሩትን ሥራ ያስቀጥላል።