ኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰን እና የሐኪምነት ፈቃድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያ

መግቢያ

የሙያ ፈቃድ ሕዝብን ብቃት ከሌለው ሐኪም ለመጠበቅ የሚዘረጋ ሥርዓት ነው። ፈቃድ ሰጪው አካል ዕውቀትን ከመመዘን አልፎ ማን መማር እንደሚችል መወሰን ሲጀምር ግን ሥርዓቱ ሌላ መልክ ይይዛል። በብሪታንያ ሴትነቷን ሳትደብቅ የሐኪምነት ፈቃድ በማግኘት የመጀመሪያዋ የሆነችው የኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰን ሕይወት ይህንን ልዩነት በግልጽ ያሳያል (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ፈቃዱ እና መዝገቡ

በ1815 የወጣው ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ ለሚሠሩ መድኃኒት ቀማሚ ሐኪሞች ፈተና የመስጠትና ፈቃድ የማደል ሥልጣንን ለለንደን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ሰጠ። ተራው ቤተሰብ ሲታመም የሚጠራው ጠቅላላ ሐኪም በአብዛኛው ይህንን ፈቃድ የያዘ ሰው ነበር። የ1858ቱ የሕክምና ሕግ ደግሞ አንድ ብሔራዊ መዝገብ አቋቋመ። በመዝገቡ ያልሰፈረ ሰው ሕክምና ከመስጠት ባይከለከልም የተመዝጋቢ ሐኪምን ማዕረግ መጠቀም፣ ያልተከፈለውን ሒሳብ በፍርድ ቤት መጠየቅና በመንግሥት የሕክምና ተቋማት መቀጠር አይችልም ነበር። ሕጉ ከዚያ ዓመት ጥቅምት ወር በፊት በብሪታንያ ይሠሩ ከነበሩት በቀር በውጭ አገር ዲግሪ መመዝገብንም አልፈቀደም።

ክፍት የቀረው በር

ጋሬት በ1836 በለንደን ተወልዳ በአልደብራ ከተማ አደገች። በ1859 በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ ያገኘችውን የኤልሳቤጥ ብላክዌልን ንግግር ካዳመጠች በኋላ ሐኪም ለመሆን ወሰነች። በ1860 በሚድልሴክስ ሆስፒታል በነርስነት ገብታ ቀስ በቀስ ትምህርቶችን መከታተል ብትጀምርም፣ በ1861 ወንድ ተማሪዎች በአቤቱታ ስለተቃወሟት ለመውጣት ተገደደች። የለንደን ዩኒቨርሲቲም በ1862 ማመልከቻዋን ውድቅ አደረገ።

የቀራት የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ነበር። የማኅበሩ ቻርተር ተፈታኞችን በጾታ ስለማይለይ እርሷን የሚከለክልበት የሕግ መሠረት አልነበረውም። ማኅበሩ ባመነታ ጊዜም አባቷ ነጋዴው ኒውሰን ጋሬት በፍርድ ቤት እንደሚከሱ አስጠነቀቁ። እርሷ በፈቃድ ሰጪው ደንብ መሠረት በመድኃኒት ቀማሚ ሥር በተለማማጅነት ሠራች፤ ትምህርቱንም እየከፈለች ከመምህራን በግል ተማረች። መስከረም 28 ቀን 1865 ፈተናውን አልፋ ፈቃዱን ተቀበለች፤ ስሟም በመዝገቡ ሰፈረ።

ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ ደንቡን አሻሻለ። በግል የተማረ ሰው ከእንግዲህ ለፈተና አይቀርብም፤ ዕውቅና ባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መማር ግዴታ ሆነ። ትምህርት ቤቶቹ ሴቶችን ስለማይቀበሉ በደንቡ ላይ ሴት የሚል ቃል መጻፍ እንኳ አላስፈለገም። የፈተናው ክብደት እንዳለ ቀርቶ ወደ ፈተናው የሚያደርሰው መንገድ ተዘጋ።

ከግል ፈቃድ ወደ ተቋም

ጋሬት በ1866 በለንደን ለድሆች ሴቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ከፈተች፤ ክሊኒኩም በ1872 ወደ ሆስፒታልነት አደገ። በ1870 ስለ ማይግሬን ራስ ምታት ባቀረበችው የመመረቂያ ጽሑፍ ከፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክትሬት አገኘች። የብሪታንያ መዝገብ ግን ይህንን ከፍተኛ ማዕረግ አልተቀበለም፤ በሕግ ፊት ሐኪም ያደረጋት ያው የ1865ቱ ፈቃድ ነበር። ተከትለዋት ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ሴቶች ይህ ፈቃድ ስለሌላቸው የተማሩት ትምህርት ለምዝገባ አያበቃቸውም ነበር።

ለዚህ መፍትሔ ለማግኘት ሦስት ነገሮች መሟላት ነበረባቸው፤ እነርሱም የመማሪያ ቦታ፣ የልምምድ ሆስፒታልና ፈታኝ አካል ናቸው። በ1874 በሶፊያ ጄክስ ብሌክ ግንባር ቀደምነት የለንደን የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ተመሠረተ። በ1876 የወጣው ሕግ ፈታኝ ተቋማት ሴቶችን እንዲቀበሉ ሳያስገድድ ፈቀደላቸው፤ የአየርላንድ የሐኪሞች ኮሌጅም ቀድሞ በሩን ከፈተ። በ1877 ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ለተማሪዎቹ የሕሙማን ክፍሎቹን ክፍት አደረገ። ጋሬት በዚያው ትምህርት ቤት አስተምራ ከ1883 እስከ 1903 በዲንነት መራችው። በ1908 የአልደብራ ከንቲባ ሆና ተመረጠች፤ በታኅሣሥ ወር 1917 አረፈች።

ማጠቃለያ

ጋሬት የተፈተነችው እንደ ማንኛውም ወንድ ሐኪም በዚያው ፈተና ነበር፤ እንዲቀልላትም አልጠየቀች። የእርሷ ፈቃድ አንዲትን ሴት ሐኪም አደረገ፤ ሌሎችን ሐኪም ያደረገው ግን ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉና ፈታኙ በአንድነት መገኘታቸው ነው። ስለዚህ አንድ የፈቃድ ሥርዓት ሲመዘን የፈተናውን ጥራት ብቻ ሳይሆን ወደ ፈተናው የሚያደርሰው መንገድ ለማን ክፍት እንደሆነም መመርመር ያስፈልጋል።