ቶሚ ሞሪስና የመጨረሻዎቹ ሃያ ሜትሮች

ጎልፍ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ኳሷን ከዓይን የሚሰውራት ረጅም ምት ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ (ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ስር ተጠቃለዋል) ከምንኖረውና ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንድ ብረት ይዘን ሣር ፍለጋ ከምንወጣው ጥቂት ወዳጆች መካከልም ይህን ምት የማይወድ የለም። ጉዱ የሚመጣው ግን ኳሷ ጉድጓዱ ካለበት አጭር ሣር፣ ጎልፈኞች «ግሪን» ከሚሉት ሜዳ ዳር ደርሳ ሃያ ሜትር ሲቀራት ነው። አንዱ መሬቱን ይቆፍራል፤ ሌላው አናቷን መትቶ ማዶ ያሻግራታል። «ቺፕ» የምትባለው ይህች አጭር ምት ስትነሳ አብሮ ሊነሳ የሚገባው ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ከ150 ዓመት ግድም በፊት በ24 ዓመቱ የሞተው ስኮትላንዳዊ ቶሚ ሞሪስ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቶሚ ሚያዝያ 1851 ሴንት አንድሩስ ውስጥ ተወለደ። አባቱም ቶም ሞሪስ ስለሚባሉና እሳቸውም ስመ ጥር ተጫዋችና ሜዳ ጠባቂ ስለነበሩ፣ ሰዉ አባትየውን ሽማግሌው ቶም፣ ልጁን ወጣቱ ቶም ይል ነበር። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ አባትየው ሥራ ወዳገኙበት ወደ ፕሬስትዊክ ሄደ፤ ያደገውም እዚያ ነው። የዚያን ዘመን የጎልፍ ሜዳ የዛሬው ዓይነት ምንጣፍ አይምሰላችሁ። የባሕር ዳር አሸዋማ ግጦሽ ነው። ሣሩን የሚያሳጥሩት በጎችና ጥንቸሎች ናቸው፤ ጋሪም ያልፍበታል። አዲስ አበባ ውስጥ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ ቢኖርም ማንም እንደ ልቡ የሚገባበት አይደለም። ከብት ግጦት የሄደው የሱሉልታ መስክ ግን፣ በበጋ፣ ከቶሚ ሜዳ ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም።

የቶሚ ታላቅነት ያለው አንዲት ብረት ላይ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ጌቶች፣ በተለይ የአባቱ አሠሪ የነበረው አለን ሮበርትሰን፣ ወደ ጉድጓዱ የሚቀርቡት ኳሷን በመሬት እያንከባለሉ ነበር። ከዕቃዎቻቸው መካከል ራሷ ትንሽና ጎድጎድ ያለች ብረት ነበረች፤ ሥራዋም የጋሪ ጎማ በቆፈረው ቦይ ውስጥ የወደቀችን ኳስ ማውጣት ብቻ ነው። ቶሚ ይህቺን የችግር ቀን ዕቃ አንስቶ ደህና ሣር ላይ ይመታባት ጀመር። ኳሷ ከፍ ትላለች፣ ግሪኑ ላይ ታርፋለች፣ ብዙም ሳትሄድ ትቆማለች። ዛሬ «ዌጅ» በምንለው ብረት የሚሠራው ሁሉ መነሻው እዚህ ግድም ነው።

እኛ ከዚህ የምንወስደው ብረቱን ከመሬቱ ጋር ማስማማትን ይመስለኛል። በክረምት ሱሉልታ ውሃ ሲቋጥርና ሣሩ ሲረዝም ኳሷን የሚያነሳ ብረት ያስፈልጋል። ከጥቅምት በኋላ መሬቱ ሲደርቅ ግን ሰባት ቁጥር ብረት ይዞ ማንከባለሉ ይሻላል። ኳሷን ወደ ኋለኛው እግር ጠጋ፣ ክብደትን ወደ ፊተኛው እግር፣ እጅን ከኳሷ ቀደም ማድረግ፤ አንጓን ሳያጥፉ በአጭሩ መምታት። ዓይን የሚተከለው ጉድጓዱ ላይ ሳይሆን ኳሷ መጀመሪያ የምታርፍበት ነጥብ ላይ ነው። ገና እየተጫወትን ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ እንቸገራለን፤ ጥንግ ስንመታ ኃይል መቆጠብን ማን አስተማረን?

ቶሚ በ1868፣ በ17 ዓመቱ፣ የእንግሊዞችን ኦፕን ሻምፒዮና አሸነፈ። ሁለተኛ የወጡት አባቱ ነበሩ። በ1869 ደገመ። በ1870 ሠላሳ ስድስቱን ጉድጓድ በ149 ምት ጨርሶ ተከታዮቹን በ12 ምት በለጣቸው፤ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ስላሸነፈም የሽልማቱ ቀበቶ የግሉ ሆነ። የሚሸለም ነገር በመጥፋቱ በ1871 ውድድሩ ሳይካሄድ ቀረ። በ1872 ሲመለስ ያሸነፈው አሁንም ቶሚ ነው፤ ዛሬ ድረስ በሚሰጠው የብር ዋንጫ ላይ መጀመሪያ የተቀረጸውም የእሱ ስም ነው።

በ1874 መጨረሻ ማርጋሬት የምትባል ሴት አገባ። በመስከረም 1875 ከአባቱ ጋር ኖርዝ በርዊክ ላይ ከፓርክ ወንድማማቾች ጋር ሲጫወት፣ ባለቤቱ ምጥ እንደጠናባት የሚገልጽ ቴሌግራም መጣ። አባትና ልጅ በጀልባ ወሽመጡን ተሻግረው ሲደርሱ እናትም ልጅም ሞተዋል። በዚያው ዓመት ክረምት በረዶ ውስጥ ለቀናት የዘለቀ ግጥሚያ አድርጎ አሸነፈ። ብዙም አልቆየም፤ በፈረንጆቹ የገና ዕለት ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ሰዉ ሐዘን ገደለው ይላል፤ ለወሬ ይመቻል። ሐኪም ያገኘው ግን የፈነዳ የሳንባ ደም ሥር ነው።

በ1878 ስድሳ የጎልፍ ማኅበራት አዋጥተው መቃብሩ ላይ ሐውልት አቆሙለት። ኳስ ሊመታ ጎንበስ ያለ ወጣት ተቀርጾበታል። አባትየው ከልጃቸው በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖረው በ1908 ዐረፉ፤ የተቀበሩትም እዚያው ሐውልቱ አጠገብ ነው።