ኢማም አቡ ሐኒፋ፦ የኩፋው የጨርቅ ነጋዴ

ረመዳን ሲጋመስ የዒድ ልብስ ገበያ ይደራል። ገበያው ዛሬ መርካቶ ብቻ አይደለም፤ ከተራዊህ መልስ ስልካችንን ስንከፍት ቴሌግራሙም ቲክቶኩም በአባያና በጀለቢያ ተሞልቶ እናገኘዋለን። በፎቶ አይተን የወደድነው ቀለም እጃችን ሲገባ ሌላ የሆነብንም ጥቂቶች አይደለንም። ሻጮቹም ከእኛው መሃል ናቸው፤ ከቤታቸው ሆነው በስልክ እየነገዱ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች አሉ፣ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች አሉ። ለዛሬ የኢማም አቡ ሐኒፋን (ረሂመሁላህ) ሕይወት የመረጥነው ገዢም ሻጭም የሚነጋገርበት ስለሆነ ነው። ኢማሙን በመዝሀባቸው እናውቃቸዋለን፤ በአገራችንም በወሎ የሐነፊ መዝሀብ ተከታዮች አሉ። የጨርቅ ነጋዴ እንደነበሩ ግን እምብዛም አይወሳም።

ኑዕማን ኢብን ሳቢት በ80 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ699) በኢራቋ ኩፋ ተወለዱ። በወጣትነታቸው የሚመላለሱት ወደ ገበያ ነበር። ሻዕቢ የተባሉት ታላቅ ዓሊም አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተዋቸው የልጁን ንቃት አይተው ወደ ዒልም እንዲዞሩ መከሯቸው። ምክሩ ሠራ፤ ከሐማድ ኢብን አቢ ሱለይማን ዘንድ 18 ዓመት ያህል ተማሩ። ንግዱን ግን አልተዉም። ከትርፉ የድሃ ተማሪዎቻቸውን ቀለብ ይችሉ ነበር። በኋላ በሃሩን አል-ረሺድ ዘመን የዳኞች ሁሉ አለቃ የሆኑት አቡ ዩሱፍ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ናቸው።

ሐፍስ የሚባል የንግድ ሸሪክ ነበራቸው። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚያወሱት፣ አንድ ጊዜ ሸቀጥ ሲልኩለት ከመካከሉ አንዱ ልብስ እንከን እንዳለበት ነግረው፣ ሲሸጥ ለገዢው እንዲያሳይ አደራ አሉት። ሐፍስ ሸጠ፤ እንከኑን መናገር ግን ረሳ። ገዢው ማን እንደሆነም አላወቀውም። ኢማሙ ይህን ሲሰሙ የዚያን ሸቀጥ ዋጋ በሙሉ ሰደቃ አደረጉት። የአንዱን ልብስ ዋጋ ብቻ ቢሰጡ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ትርፉን ብቻ ቢሰጡም እንዲሁ። እኛ ብንሆን እዚያ ላይ እንቆም ነበር ብለን እንገምታለን።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው መጣች። ዋጋው 100 ነው አለች። ከዚህ በላይ ያወጣል አሏት። መቶ ጨመረች፤ አሁንም ይበልጣል አሏት። 400 ላይ ስትደርስ የሚቀልዱባት መሰላት። ዋጋ የሚያውቅ ሰው ጠርታ እንድታመጣ ነገሯት፤ ሰውየው መጥቶ ገመተና ልብሱን በ500 ገዟት። ዋጋ ያላወቀ ሰው ሲገኝ እንደ ሲሳይ በሚቆጠርበት ገበያ፣ ይህን የሰማ ሰው ጨርቁን ይዞ ወደ ማን ሱቅ እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

ስለ ሰው ፊት ግድ የማይሰጣቸው ግን አልነበሩም። ጥሩ ይለብሱ፣ ሽቶ ይቀቡ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱን አሮጌ ልብስ ለብሶ ቢያዩት ሰው እስኪበተን አስቆዩትና ከመስገጃው ሥር ያለውን ገንዘብ ወስዶ ራሱን እንዲያሳምር ነገሩት። ሰውየው ሀብታም እንደሆነ፣ እንደማይቸግረው መለሰ። እንግዲያው አላህ የሰጠህ ጸጋ ይታይብህ፣ ወዳጅህ አንተን አይቶ እንዳያዝን አለባበስህን ለውጥ በሚል መንፈስ ገሠጹት።

ከሁሉ እኛን የሚያቆመን ግን የሌሊቱ ነገር ነው። መንገድ ሲሄዱ አንድ ሰው ለጓደኛው እኚህ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እየሰገዱ ያነጋሉ ብሎ ሲጠቁም ሰሙ። ያን ያህል አይሰግዱም ነበር። ሰውየውን ማረም ይችሉ ነበር፤ ዝም ብሎ ማለፍም ነበር። እሳቸው ግን ባልሠሩት ሥራ መወደስን ጠሉና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊቱን በስግደት ያነጉት ጀመር። የለጠፍነው ፎቶ፣ በስማችን ሥር የጻፍነው ሙያ፣ የሰው አድናቆት ከእኛ ቀድሞ ሲሮጥ ብዙዎቻችን የምናደርገው ምስሉን ይበልጥ ማሳመር ነው።

ማዕረግም ሲመጣላቸው አልተቀበሉም። ኸሊፋው አል-መንሱር ዳኛ ሊያደርጓቸው ፈለጉ። ለቦታው አልበቃም አሉ። ኸሊፋው ይዋሻሉ ሲሏቸው፣ ውሸታም ከሆንኩማ ለዳኝነት አልሆንም ብለው መለሱ። መልሱ ቢያስቅም ዋጋ አስከፍሏቸዋል፤ ታሰሩ። በ150 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ767) በባግዳድ አረፉ። መቃብራቸው ያለበት የባግዳድ ሰፈር ዛሬም በማዕረግ ስማቸው አዕዘሚያ ይባላል።