የብሌዝ ፓስካል የሕይወት ታሪክ

በዘመናችን አንድ ተማሪ ብዙ ቁጥሮችን ለመደመር ሲፈልግ የእጅ ካልኩሌተሩን ይጫናል፤ ወይም ቁጥሮቹን በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ላይ ደርድሮ ውጤቱን በቅጽበት ያገኛል። ይህ ምቾት ግን በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ከብዙ ዘመን በፊት የመደመርን ድካም ከሰው ትከሻ ላይ ለማውረድ ከተነሡት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ነው።

ፓስካል እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 1623 ክሌርሞን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤትየን ፓስካል የግብር ጉዳይ ዳኛ ከመሆኑም በላይ ሒሳብን አጥብቆ የሚወድ ሰው ነበር። ብሌዝ ገና የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱ ስለ ሞተች፣ ልጁንና ሁለቱን እኅቶቹን ዢልበርትንና ዣክሊንን የማሳደጉ ኃላፊነት በአባታቸው ላይ ወደቀ። ኤትየን እ.ኤ.አ. በ1631 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ፓሪስ ሄደ። ልጁንም ወደ ትምህርት ቤት በመላክ ፈንታ በቤት ውስጥ ራሱ ያስተምረው ጀመር።

አባትየው ልጁ በመጀመሪያ ቋንቋዎችን ጠንቅቆ እንዲያውቅ ስለ ፈለገ፣ የሒሳብ መጻሕፍትን ሁሉ ከዓይኑ አራቀ። ነገር ግን መከልከሉ የልጁን የማወቅ ጉጉት አባሰው እንጂ አልቀነሰውም። ታላቅ እኅቱ ዢልበርት በጻፈችው ታሪክ እንደሚገኘው፣ ብሌዝ 12 ዓመት ሲሆነው ብቻውን ተቀምጦ ወለሉ ላይ በከሰል ክቦችንና ጎነ ሦስቶችን እየሣለ ይመራመር ነበር። አባቱ በድንገት ሲገባ ልጁ የአንድ ጎነ ሦስት ማዕዘኖች ድምር ከሁለት የ90 ዲግሪ ማዕዘኖች ጋር እኩል መሆኑን ለማሳየት ሲጥር አገኘው። አባትየውም በነገሩ እጅግ ተደንቆ ክልከላውን አነሣ፤ የጥንቱን የግሪክ ሊቅ የኤውክሊድን መጽሐፍም ሰጠው። ከ4 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1640፣ ወጣቱ ስለ ጂኦሜትሪ የጻፈውን አጭር ጽሑፍ አሳትሞ የዘመኑን ሊቃውንት አስደነቀ።

በዚያው ጊዜ ኤትየን በኖርማንዲ አውራጃ የግብር ሹም ሆኖ ስለ ተሾመ፣ ቤተሰቡ ሩዋን ወደምትባል ከተማ ተዛወረ። የግብሩ ሒሳብ ማለቂያ አልነበረውም። አባትና ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ተቀምጠው ረጃጅም የቁጥር ዝርዝሮችን ይደምሩ ነበር። የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ አቆጣጠርም ሥራውን ያከብደው ነበር፤ 12 ደንየ አንድ ሶል፣ 20 ሶል ደግሞ አንድ ሊቭር ይሆን ነበርና። በአንድ መስመር ላይ የተሠራ ስሕተት የገጹን ሒሳብ ሁሉ ያፈርሳል። ፓስካል ይህን የአባቱን ድካም እያየ አንድ ነገር አስተዋለ። መደመር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሕግ የሚደጋገም ሥራ ነው፤ በማይለወጥ ሕግ የሚደጋገም ሥራ ደግሞ ለመኪና ሊሰጥ ይችላል።

ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1642 የሒሳብ መኪና ለመሥራት ተነሣ። መኪናው በተርታ የቆሙ መዘውሮች ነበሩት፤ እነርሱም የአንድ ቤትን፣ የዐሥር ቤትን፣ የመቶ ቤትን እያሉ ቁጥሮቹን በየቦታቸው ያሳያሉ። ለገንዘብ ሒሳብ በተሠሩት መኪናዎች ላይ ደግሞ ባለ 12 እና ባለ 20 ክፍል መዘውሮች ተጨምረዋል። ከሁሉ የከበደው ችግር ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መሻገሩ ነበር። አንድ መዘውር ከ9 አልፎ ወደ 0 ሲመለስ፣ በስተግራው ያለውን መዘውር አንድ እርምጃ ማንቀሳቀስ አለበት። ቁጥሩ 999 ሆኖ 1 ሲጨመርበት ግን አራት መዘውሮች ተከታትለው ስለሚዞሩ፣ ኃይሉ ሁሉ ከመጀመሪያው መዘውር የሚመጣ ቢሆን ኖሮ መኪናው ደክሞ በቆመ ነበር። ፓስካል ለዚህ መፍትሔ አገኘ። መዘውሩ ሲዞር አንዲት ትንሽ ክብደት ቀስ በቀስ ከፍ ትላለች፤ ከ9 ሲያልፍም ክብደቷ ወድቃ ቀጣዩን መዘውር ትገፋዋለች። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ መዘውር ለጎረቤቱ የሚያስፈልገውን ኃይል ራሱ አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ይህ ሐሳብ በብረትና በእንጨት እስኪፈጸም ድረስ ፓስካል ብዙ ደከመ። በልዩ ልዩ ቁሳቁስ ሃምሳ ያህል ሙከራዎችን ካደረገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1645 መኪናውን ለመንግሥቱ ከፍተኛ ባለሥልጣን ለሴጊየ አበረከተ። እ.ኤ.አ. በ1649 መኪናውን ሠርቶ የመሸጥ መብት ከንጉሡ ተሰጠው። ይሁን እንጂ ዋጋው ውድ ስለ ነበረ ገዢው ጥቂት ሆነ። ወጣቱም በዚህ ዘመን ጤናው ተቃውሶ ነበር፤ እኅቱ እንደምትመሰክረው ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ያለ ሕመም የዋለበት ቀን አልነበረም።

መኪናው የመደመርን ሥራ ቢያቃልልም፣ የቁጥሮችን ምሥጢር የመመርመሩ ሥራ ለሰው የቀረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1654 አንድ የቁማር ጥያቄ ለፓስካል ቀረበለት። ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 32 ወርቅ አስይዘዋል እንበል፤ አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሁሉንም ይወስዳል። አንዱ 2፣ ሌላው 1 ጊዜ ካሸነፉ በኋላ ጨዋታው ቢቋረጥ፣ 64ቱ ወርቅ እንዴት ይከፈላል? ፓስካል ከሌላው ሊቅ ከፌርማ ጋር በደብዳቤ እየተወያየ መፍትሔውን ሰጠ። የሚቀጥለውን ጨዋታ መሪው ቢያሸንፍ 64ቱን ይወስዳል፤ ቢሸነፍ እኩል ስለሚሆኑ 32 ይደርሰዋል። ስለዚህ 32ቱ አስቀድሞ የእርሱ ነው፤ የቀረው 32 ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። እንግዲህ ለመሪው 48፣ ለሌላው 16 ይሆናል። ከዚህ ውይይት የዕድል ስሌት የሚባለው የሒሳብ ክፍል ተወለደ።

ፓስካል በዚያው ዓመት ስለ ቁጥሮች ጎነ ሦስት አንድ መጽሐፍ ጻፈ፤ የታተመው ግን ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1665 ነው። ይህን ጎነ ሦስት የቻይና፣ የሕንድና የፋርስ ሊቃውንት ከእርሱ በፊት ያውቁት ነበር። የፓስካል ድርሻ ባሕርዮቹን ሁሉ በሥርዓት ሰብስቦ በማስረጃ ማረጋገጡ ነው። ቁጥሮቹን በትንንሽ ክፍሎች ደረደራቸው። የመጀመሪያው አግድም መስመርና የመጀመሪያው ቋሚ መስመር በ1 ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል ከበላዩ ያለውንና ከግራው ያለውን ቁጥር ይደምራል። በዚህ ዓይነት ሁለተኛው መስመር 1፣ 2፣ 3፣ 4፤ ሦስተኛው 1፣ 3፣ 6፣ 10 እያለ ይሄዳል። በሰያፍ የሚገኙት ተርታዎች ሲደመሩ ደግሞ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ይሆናሉ። ከእነዚህም አንዱ 1፣ 2፣ 1 የሚለው ተርታ ነው፤ የቁማሩም ወርቅ የተከፈለው በዚሁ ተርታ መሠረት ከአራት እጅ ሦስቱ ለመሪው ሆኖ ነው።

የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ነው። በአንድ ክፍል ላይ ሕጉ ይጻፋል፤ ከዚያም ወደ ቀሩት ክፍሎች ይገለበጣል። አንድ ተማሪ ጎነ ሦስቱን በሠንጠረዥ ሠርቶ ለሁለት እኩል የማይከፈሉትን ቁጥሮች ብቻ ቢያጠቁራቸው፣ አስደናቂ ሥዕል ያያል። ትልቁ ጎነ ሦስት ትልቁን የሚመስሉ ሦስት ትንንሽ ጎነ ሦስቶች ይዟል፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው ከእነርሱ ያነሱ ሦስት ይዘዋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰያፍ ተርታዎች 3፣ በ4ቱ 9፣ በ8ቱ 27፣ በ16ቱ ደግሞ 81 ጎዶሎ ቁጥሮች ይገኛሉ። ተርታው በእጥፍ ባደገ ቁጥር ጥቁሮቹ በሦስት እጥፍ ያድጋሉ። እንዲህ ያለውን ቅርጽ ፖላንዳዊው ሊቅ ሼርፒንስኪ እ.ኤ.አ. በ1915 አጥንቶታል፤ ክፍሉ ሙሉውን የሚመስል ቅርጽም እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ፍራክታል ይባላል።

ፓስካል እ.ኤ.አ. ከ1654 መጨረሻ ጀምሮ ብዙውን ጊዜውን ለሃይማኖትና ለፍልስፍና ሰጠ። በማስታወሻዎቹም የሒሳብ መኪናው ከእንስሳት ሁሉ ይልቅ ወደ ሐሳብ የሚቀርብ ሥራ ቢሠራም፣ የራሱ ፈቃድ ግን እንደሌለው ገልጿል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1662 በ39 ዓመቱ በፓሪስ ከተማ አረፈ።

በስሙ የግፊት መለኪያና እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራ የኮምፒዩተር ቋንቋ ተሰይመዋል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ የሚበልጠው መታሰቢያው የሥራው ምሳሌ ነው። በሩዋን የሚያደክመውን ድግግሞሽ ለመኪና ሰጠ፤ ሕጉን የመፈለጉንና ለምን እውነት እንደሆነ የማስረዳቱን ሥራ ግን ለራሱ አስቀረ። ካልኩሌተርና ኮምፒዩተር የያዘ ተማሪም ተርታውን በደቂቃ ሊሞላ ይችላል፤ ተርታው የተመሠረተበትን ሕግ ማግኘት ግን ዛሬም የተማሪው የራሱ ሥራ ነው።