ብሩስ፣ ዋጊኖስና የስም ስህተት

ከአዲስ አበባ ወደ ባህር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ተጉዞ ግሽ ዓባይን ማየት የሚሻ መንገደኛ፣ አዊ ዞን ውስጥ ጥሊሊ ከተማ ላይ ከዋናው መንገድ ይገነጠላል፡፡ የዓባይ ምንጭ ታሪክ በተነሳ ቁጥር የጀምስ ብሩስ ስም መጠራቱ አይቀርም፡፡ ሰውየውን የምናውቀው ምንጩን ቀድሜ አየሁ ብሎ በመመጻደቁና መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ በመውሰዱ ነው፡፡ በመድኃኒት ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ ግን እምብዛም አይነሳም፡፡

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ፡፡ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለማጥናት ገብቶ ጤናው ስላልፈቀደለት አቋረጠ፡፡ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ ቢያገባም ሚስቱ በወራት ዕድሜ ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት፡፡ ኋላም በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሠራ፡፡ ወደ ምሥራቅ ሲዘልቅ ሶርያ ውስጥ ሀሌብ ከተማ ይኖር ከነበረው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ከዶክተር ራስል ዘንድ የሕክምና ትምህርት ቀሰመ፡፡ ሐኪም አልነበረም፤ የመድኃኒት ሣጥን ይዞ ግን መጣ፡፡

በ1769 ምጽዋ ገብቶ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ጎንደር ደረሰ፡፡ ያን ጊዜ እቴጌ ምንትዋብ በሚኖሩበት ቁስቋም ፈንጣጣ ገብቶ ነበር፡፡ ብሩስ የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፈተ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ፡፡ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ከሕመሙ ተረፈ፡፡ ለእንግዳው የቤተ መንግሥቱን በር የከፈተለት ከመሣሪያውና ከደብዳቤው ይልቅ ይህ ነው ማለት ይቻላል፡፡

በኅዳር ወር 1770 የአገውን ምድር አቋርጦ ግሽ ደረሰ፡፡ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው መቆሙን ሊያምን አልፈለገም፡፡ አብሮት የነበረውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ባሉጋኒንም ከታሪኩ ፍቆ አወጣው፡፡ ክብርን ለሌላ ማካፈል የማይሆንለት ሰው ነበር፡፡

ሆኖም አንድ ባለውለታውን አልካደም፡፡ በ1772 መጀመሪያ ወደ ስናር ለመሻገር ራስ አል ፊል ላይ ሳለ የደም ተቅማጥ ጣለው፡፡ ከሀሌብ ጀምሮ የተሸከመው የመድኃኒት ሣጥን አልበጀውም፡፡ ያዳነው አንድ የአካባቢው ሰው ሲሆን፣ የሰጠውም የዋጊኖስ ሥር ቅርፊት ደርቆና ተወቅጦ በመጠጥ የሚወሰድ ዱቄት ነበር፡፡ ብሩስ ይህንን መስክሮ ጻፈ፤ የተክሉንም ሥዕልና ዘር ይዞ ሄደ፡፡

ዛሬ የመድኃኒት ቅመማ የምንለው ሙያ በመሠረቱ ይኸው ነው፡፡ ፋብሪካ ለብዙኃኑ አንድ ዓይነት ክኒን ያመርታል፡፡ ክኒን መዋጥ ለማይችል ሕፃን ሽሮፕ የሚያዘጋጅ፣ ማቅለሚያው ለማይስማማው በሽተኛ ያለ ቀለም የሚሠራ፣ ኩላሊቱ ለደከመ አዛውንት በሐኪም ትዕዛዝ መጠኑን የሚያሳንስ ግን መድኃኒት ቀማሚ ነው፡፡ ሦስት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ሙቀጫውን አያነሳም፤ ነገሩ በእርግጥ ምንድን ነው? ስንት? ለማን?

የመጀመሪያው ጥያቄ ሲዘለል ምን እንደሚከተል ያሳየው የብሩስ የራሱ ስም ነው፡፡ የእንግሊዝ የዕፅዋት ሊቃውንት በ1779 ተክሉን ብሩሲያ ብለው በስሙ ሰየሙት፡፡ በዚያው ዘመን አንጎስቱራ የተባለ የደቡብ አሜሪካ ቅርፊት ለትኩሳት ይታዘዝ ነበር፡፡ ከእርሱ ጋር ሌላ መርዛማ ቅርፊት ተቀላቅሎ በአውሮፓ ሰዎች ሞቱ፡፡ አጥፊው የብሩስ ተክል ነው ተባለ፡፡ የፈረንሳይ ኬሚስቶች ፔልቲዬና ካቫንቱም በ1819 ከዚያ ቅርፊት ያወጡትን መርዝ ብሩሲን አሉት፡፡ ኋላ ሲጣራ ቅርፊቱ የእስያው የኑክስ ቮሚካ ዛፍ ሆኖ ተገኘ፡፡ ዋጊኖስ ነፃ ወጣ፤ መርዙ ግን እስከ ዛሬ በብሩስ ስም ይጠራል፡፡

እንዲህም ሆኖ ዋጊኖስ ገራገር ተክል አይደለም፡፡ በ1970ዎቹ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ናሙና ብሩሲያንቲን የተባለ ንጥረ ነገር አውጥተው ለካንሰር ሞከሩት፡፡ የደም ግፊት መውረድና ብርቱ ማቅለሽለሽ አስከተለ፤ የተጠበቀውን ውጤት ስላላሳየም ተተወ፡፡ ያ ሰው በጥቂት መጠን ያዳነበት ሥር፣ መጠኑ ሲያልፍ የሚጎዳ ነው፡፡

ጉዳዩ የጥንት ወሬ እንዳይመስለን፡፡ በ2012 አሜሪካ ውስጥ አንድ የቅመማ ድርጅት ያዘጋጀው በሻጋታ የተበከለ መርፌ ከ60 በላይ ሰዎችን ገደለ፡፡ ምክር ቤቱ በዓመቱ ሕግ ለማውጣት ተገደደ፡፡ ቅመማን መከልከል በፋብሪካ ክኒን የማይረዱትን በሽተኞች መበደል ነው፤ ያለ ተጠያቂነት መልቀቅ ደግሞ ሁሉንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው፡፡ ሕግ ሊያደርግ የሚገባው ሦስቱን ጥያቄዎች የመለሰው ሰው ማንነት በጠርሙሱ ላይ ተጽፎ እንዲገኝ ማስገደድ ነው፡፡

ብሩስ አገሩ ተመልሶ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፡፡ ብዙዎች ውሸታም ብለው ሳቁበት፡፡ በሚያዝያ 1794 ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ፡፡ የተጠራጠሩት አብዛኛው ወሬው ኋላ እውነት ሆኖ ተገኘ፡፡ ሕይወቱን ያተረፈለት የአካባቢው ሰው ግን በስሙ የተሰየመለት ቅጠል እንኳ የለም፡፡